ክራር ለመቃኘት የሚያገለግል ድምፅ ከአርዱዊኖ ማውጣት

የጣና ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እዚህ ባሕር ዳር ክራር ለሚማሩ ታዳጊዎች የሚሆን አነስተኛ የመቃኛ ሳጥን በመሥራት ላይ ነኝ። ተማሪው ቅኝቱን በአንድ ማዞሪያ ይመርጣል፤ ከዚያም ስድስቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ሲጫን ሳጥኑ የየክሩን ድምፅ ያሰማዋል፤ እሱም ክሩን እያጠበቀና እያላላ ከሰማው ድምፅ ጋር ያስማማል። ስልክ ላይ የሚጫኑ መቃኛዎች መኖራቸውን አውቃለሁ። ሆኖም እነርሱ የሚያሳዩት መርፌና የምዕራባውያን የድምፅ ስም ስለሆነ ልጆቹ በጆሯቸው ሳይሆን በዓይናቸው መቃኘት ይለምዳሉ፤ ይህ ደግሞ መምህራቸው ፈጽሞ የማይፈልጉት ነገር ነው።

በእጄ ያለው አርዱዊኖ ኡኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ)፣ አንድ ባዘር (ትንሽ ድምፅ ማውጫ) እና ከአሮጌ ሬድዮ የወጣ ባለ 8 ኦም ስፒከር ነው። «ቶን» የተባለውን ዝግጁ ፈንክሽን እየተጠቀምኩ፣ መነሻውን 220 ሄርዝ አድርጌ፣ ለእያንዳንዱ ሰሚቶን (በኪቦርድ ላይ በሁለት ጎረቤት ቁልፎች መካከል ላለው ርቀት) በ1.05946 እያባዛሁ ድምፆቹን አስልቻለሁ። በዚህ ስሌት የትዝታ ሜጀር አምስቱ ድምፆች 220፣ 247፣ 277፣ 330 እና 370 ሄርዝ ሲሆኑ፣ የባቲ ሜጀር ደግሞ 220፣ 277፣ 294፣ 330 እና 415 ይሆናሉ። ፈንክሽኑ የሚቀበለው ሙሉ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ከነጥብ በኋላ ያለውን አጠጋግቼዋለሁ።

ባዘሩ ከፍ ያሉትን ድምፆች ጮክ አድርጎ ሲያሰማ ወደ 220 ሲወርድ ይከስማል። ስፒከሩን በቀጥታ ፒን (የሰሌዳው መውጫ) ላይ ለመሰካት አልደፈርኩም። ድምፁ ሻካራ በመሆኑም ልጆቹ ቶሎ ይሰለቹታል። ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ግን መምህሩ ባቲውን አድምጠው «ይህ ባቲን ይመስላል እንጂ ባቲ አይደለም» ማለታቸው ነው። ችግሩ ከሰሌዳው ነው፣ ከድምፅ ማውጫው ነው ወይስ ከቁጥሩ ራሱ?


ብየዳ ቤት

ወንድሜ፣ ስፒከሩን በቀጥታ አለመሰካትህ መልካም ነው። ኡኖ ላይ ያለው ዋና ቺፕ፣ ኤቲሜጋ328ፒ፣ በአንድ ፒን ሊሸከመው የሚችለው የመጨረሻው ጣሪያ 40 ሚሊአምፒር ሲሆን ለዘለቄታው ከ20 ባይበልጥ ይመረጣል። ባለ 8 ኦም ስፒከር ደግሞ ከ5 ቮልት ጋር ሲገናኝ ከ600 ሚሊአምፒር በላይ ለመሳብ ይሞክራል። ፒኑ ያን ዕለት ባይቃጠል እንኳ ውሎ አድሮ መጎዳቱ አይቀርም።

ባዘሩን በተመለከተ፣ ገበያ ላይ ሲታዩ የሚመሳሰሉ ሁለት ዓይነቶች አሉ። አንደኛው የራሱ ድምፅ አመንጪ ዑደት በውስጡ ስላለው 5 ቮልት እንደተሰጠው በአንድ ድምፅ ብቻ ይጮኻል፤ ለማንቂያ ደወል እንጂ ለዜማ አይሆንም። ሁለተኛው ድግግሞሹን ከውጭ ካላገኘ ዝም የሚል ነው። ያንተ ድምፁን የሚቀያይር ስለሆነ ሁለተኛው ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ቀጭን የፒዬዞ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ በደንብ የሚያስተጋባው ከ2,000 እስከ 4,000 ሄርዝ ባለው አካባቢ ስለሆነ 220 ሄርዝን ከእርሱ መጠበቅ አይገባም። ክራር የሚቃኝበትን ክልል በባዘር ማሰማት አይቻልም፤ ተወው።

ስፒከሩን ተጠቀም፣ በመካከሉ ግን ማጉያ ይግባ። ኤልኤም386 የተባለችው ባለ 8 እግር ቺፕ ለዚህ ሥራ ትበቃለች። ምንም ሳይጨመርባት 20 እጥፍ ታጎላለች፤ ስለዚህ ከአርዱዊኖ የሚወጣውን ባለ 5 ቮልት ሞገድ እንዳለ ብታስገባባት ድምፁ ተቆራርጦ ይወጣል። መጀመሪያ 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በመሥመሩ ላይ አድርገህ ቀጥተኛውን ቮልቴጅ አግድ፤ ቀጥሎ በ50 ኪሎኦም ፖቴንሺዮሜትር (በማዞሪያ የሚስተካከል ሬዚስተር) ሞገዱን ቀንሰህ አስገባ። ከመውጫዋ ወደ ስፒከሩ 220 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይሁን፤ ከ8 ኦም ጋር ሲሰላ ከ90 ሄርዝ ገደማ በላይ ያለውን ስለሚያሳልፍ ለክራር ይበቃል። በኃይል እግሯ አጠገብ ሌላ 100 ማይክሮፋራድ ብታኖር ከዩኤስቢ የሚመጣው ሲርሲርታ ይቀንሳል።


ሰዓትና ቆጣሪ

የመምህሩ ጆሮ የሰማው ነገር ቢያንስ በከፊል በቁጥር ይታያል። ቶን የሚጠቀመው ታይመር 2ን (በቺፑ ውስጥ ምት ከሚቆጥሩት ክፍሎች አንዱን) ሲሆን ይህ ታይመር ባለ 8 ቢት ነው፤ ከ0 እስከ 255 ብቻ ይቆጥራል። ሰሌዳው በሰከንድ 16,000,000 ጊዜ ይመታል፤ ለ415 ሄርዝ ፈንክሽኑ ምቱን በ128 ካካፈለ በኋላ ግማሽ ዑደቱን የሚለካበት ቁጥር 150.6 ሆኖ ይመጣል። ታይመሩ ነጥብ ስለማያውቅ ፈንክሽኑ ትርፉን ቆርጦ 150 ያደርገዋል፤ በመጨረሻ ከፒኑ የሚወጣው 416.67 ሄርዝ ነው። ከታሰበው 415.30 ጋር ሲነጻጸር ወደ 6 ሴንት ገደማ ከፍ ብሏል ማለት ነው። አንድ ሰሚቶን 100 ሴንት መሆኑን አስታውስ። በዚያው ስሌት 277 ብለህ የጠየቅከው 277.78 ሆኖ ይወጣል።

ታይመር 1 ግን ባለ 16 ቢት ስለሆነ እስከ 65,535 ይቆጥራል። ምቱን በ8 አካፍለህ ለ415.30 ሄርዝ 2,408 ብታስቆጥረው 415.28 ታገኛለህ፤ ልዩነቱ ከአንድ ሴንት አንድ አሥረኛ አይሞላም። ሬጂስተሩ (ቁጥሩ የሚቀመጥበት የቺፑ ቦታ) ላይ የምትጽፈው አንድ ቀንሰህ 2,407 ነው፤ ታይመሩ ዜሮንም ስለሚቆጥር። ድምፁ የሚወጣውም ከፒን 9 ነው።

ሌላው መፈተሽ ያለበት የሰሌዳው ምት ራሱ ነው። ኡኖ አር3 ላይ በዩኤስቢው አጠገብ የምትታየው ሞላላ ብርማ ክሪስታል የምታገለግለው የዩኤስቢውን ቺፕ ነው። ዋናው ቺፕ የሚመታው በአነስተኛ የሴራሚክ ሬዞኔተር ሲሆን፣ የእንዲህ ዓይነቱ ሬዞኔተር ስሕተት እስከ 0.5 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ይህ ወደ 9 ሴንት ገደማ ነው። ሁሉም ድምፆች በእኩል ስለሚንሸራተቱ ቅኝቱ አይፈርስም፤ ሁለት ሳጥኖች ጎን ለጎን ሲሰሙ ግን ልዩነቱ ይታወቃል። ክሪስታል የተገጠመለት ሰሌዳ ካገኘህ እርሱን ምረጥ።


የጣና ልጅ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ማጉያውን ብሬድቦርድ ላይ ሠርቼ ስፒከሩ በሚገባ መሰማት ጀምሯል፤ ታይመር 1ም እንደተባለው ሆኗል። ሻካራነቱ ግን እንዳለ ነው። ካሬ ሞገድ (በድንገት ከፍና ዝቅ የሚል) ስለሆነ ይመስለኛል። ለስላሳውን፣ ማለትም ሳይን ሞገድን ማውጣት ይቻል ይሆን? መምህሩም ባቲው መሻሻሉን ቢመሰክሩም «ገና ነው» ብለዋል።


ሞገድ

ይቻላል። መንገዱ ግን ከእስካሁኑ የተለየ ነው፤ ከዚህ በኋላ ታይመሩ የሚቆጥረው የድምፁን ዑደት ሳይሆን ቋሚ የናሙና ጊዜን (የሞገዱ ቁመት አንድ በአንድ የሚወጣበትን) ነው። ታይመር 2ን በፈጣን የፒደብልዩኤም ስልት (ፒኑን በፍጥነት እያበሩና እያጠፉ ቮልቴጅን በመመጠን) ካስኬድከው በ256 ምት አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ይህም በሰከንድ 62,500 ነው። በየሁለተኛው ዙር አንድ ናሙና ብታወጣ የናሙናው ፍጥነት 31,250 ሄርዝ ይሆናል፤ በሁለት ናሙናዎች መካከልም 512 ምት ታገኛለህ። ባለ 8 ቢት ቢሆንም ለዚህ ሥራ ሰፊ ጊዜ ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። የአንድ ዑደት ቅርጽ በ256 ባይት ሠንጠረዥ ተደርጎ በፍላሽ ሜሞሪ ውስጥ ይቀመጣል። ባለ 32 ቢት ደማሪ ቁጥር ይኖርሃል፤ በእያንዳንዱ ናሙና ላይ የተወሰነ እርምጃ ይጨመርበታል፤ ከላይ ያሉት 8 ቢቶቹ ከሠንጠረዡ የትኛው ቦታ እንደሚነበብ ይናገራሉ። የእርምጃው መጠን የሚፈለገው ድግግሞሽ 32 ጊዜ በ2 ተባዝቶ በ31,250 ሲካፈል ነው፤ ለ440 ሄርዝ 60,473,140 ይሆናል። በ16 ቢት ደማሪ መሥራት የሚመክሩ አሉ፤ በዚህ የናሙና ፍጥነት ግን የ16 ቢት ደረጃ 0.48 ሄርዝ ገደማ ስለሆነ በ220 ሄርዝ አካባቢ ወደ 4 ሴንት የሚጠጋ ዝላይ ያመጣል። ለመቃኛ አይበቃም፤ ባለ 32 ቢቱን ያዝ።

ስለ ሳይን ሞገዱ ግን ልከራከርህ ነው። ለክራር መቃኛ ንጹሕ ሳይን አትጠቀም። አነስተኛ የሬድዮ ስፒከር 220 ሄርዝን ራሱን የሚያወጣው በጣም አዳክሞ ነው። እስካሁን ከካሬ ሞገዱ 220ን የሰማህ የመሰለህ አብዛኛውን ጊዜ ተደራቢዎቹን (የመሠረቱ ብዜት የሆኑትን ድምፆች)፣ ማለትም 660ንና 1,100ን ሰምተህ ጆሮህ መሠረቱን ስለሞላልህ ነው። ሳይን ስታደርገው ተደራቢዎቹ ይጠፉና ወፍራሞቹ ክሮች ድምፅ አልባ ይሆኑብሃል። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ የመቃኘቱ ሥራ ራሱ ነው። ክሩ 221፣ ሳጥኑ 220 ሄርዝ ቢሆኑ መሠረታቸው ሲጋጭ በሰከንድ አንድ ጊዜ የሚሞላና የሚጎድል ምት ይሰማል፤ የሁለተኛ ተደራቢዎቻቸው ግጭት በሰከንድ ሁለት፣ የሦስተኛዎቹ ሦስት ጊዜ ይመታል። ስለዚህ ተደራቢ ያለው ድምፅ ጥቃቅን ልዩነትን አጉልቶ ያሳያል፤ ሳይን ግን ይህን እርዳታ ይነሳሃል።

ካሬ ሞገድ ደግሞ ኢ-ተጋማሽ ተደራቢዎችን ብቻ ይይዛል፤ ሁለተኛውና አራተኛው በውስጡ የሉም። ለዚህም ነው ከክር ድምፅ ጋር የማይገጥመው። በሠንጠረዡ ውስጥ ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው ተደራቢ ድረስ ደምር፤ ሁለተኛውን በግማሽ፣ ሦስተኛውን በሲሶ እያልክ በቅደም ተከተል አሳንሳቸው። ከሳይን የበለጠ ሕይወት ያለው፣ ከካሬ ሞገድ የለሰለሰ ድምፅ ታገኛለህ።

ከፒን 11 የሚወጣው አሁንም በ62,500 ሄርዝ የሚቆራረጥ ስለሆነ ማጣሪያ ያስፈልገዋል። 1 ኪሎኦም ከ47 ናኖፋራድ ጋር 3,400 ሄርዝ ገደማ ላይ መቁረጥ ይጀምራል፤ ከፍተኛው ድምፅህ 415 ስለሆነ ስድስተኛ ተደራቢው 2,490 ሄርዝ ላይ ያልፋል። ሁለተኛ ደረጃ ከፈለግህ 10 ኪሎኦም ከ4.7 ናኖፋራድ ጋር አድርገው፤ የመቁረጫው ቦታ ያው ሆኖ የመጀመሪያውን ደረጃ አይጫነውም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የእርምጃውን ቁጥር ከዋናው ፕሮግራም ስትቀይር ለዚያች ቅጽበት ኢንተራፕቱን (ናሙና ለማውጣት ዋናውን ፕሮግራም የሚያቋርጠውን ጥሪ) አግድ። ቺፑ 32 ቢቱን የሚጽፈው በአራት ባይት ከፋፍሎ ስለሆነ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሳለ ኢንተራፕቱ ከደረሰ የማይገናኝ ድምፅ ብልጭ ብሎ ይሰማል።


የክራር መምህርት

ኤሌክትሮኒክሱ የእናንተ ነው፤ ስለ ቅኝቱ ግን የምለው አለኝ። 1.05946 የሚባለው ቁጥር ኦክታቩን 12 እኩል ቦታ ለከፈለው ለፒያኖና ለኪቦርድ የተሠራ ነው። ክራር የሚቃኝ ሰው አንዱን ክር ከሌላው ጋር አብሮ እየመታ፣ ሁለቱ ሲስማሙ በጆሮው ይይዘዋል እንጂ ኦክታቩን ለ12 አይከፍልም። እኔም ተማሪዎቼን የማስተምራቸው እንደዚሁ ነው። ስለዚህ መምህሩ «ባቲ አይደለም» ቢሉ አልፈርድባቸውም።

መነሻውም ቢሆን 220 ላይ ሊቸነከር አይገባም። ክራር የሚቃኘው ለዘፋኙ ድምፅ ነው፤ ለአንዲት ልጅ የሚመቸው መነሻ ለጎልማሳ ወንድ አይመችም። ከዋሽንት ጋር የሚመታ ከሆነም ለዋሽንቱ መገዛት ይኖርበታል፤ ዋሽንት እንደ ክር አይጠብቅም፣ አይላላም። ማለዳ በጣና ዳር ብርድ ላይ የሚነፋ ዋሽንት እስኪሞቅ ድረስ ዝቅ ብሎ እንደሚሰማም አትርሱ። ሳጥኑ መነሻውን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማዞሪያ ከሌለው ለቡድን አይጠቅምም።


ሞገድ

መምህርት ያሉት በቁጥርም ይደገፋል። ሁለት ክሮች አብረው ሲመቱ ጆሮ የሚያርፍባቸው ንጹሕ ስምሞች በትንንሽ ቁጥሮች ጥምርታ ላይ ይገኛሉ። የ5 ለ 4 ጥምርታ 386 ሴንት ሲሆን ኪቦርዱ በዚያ ቦታ የሚሰጠው 400 ነው፤ 14 ሴንት ይሰፋል። 15 ለ 8 ደግሞ 1,088 ሲሆን ኪቦርዱ 1,100 ይሰጣል። የባቲ ሜጀር ሁለተኛና አምስተኛ ድምፆች በእነዚህ ቦታዎች አካባቢ የሚያርፉ ናቸው። ከ220 ተነስተን በንጹሕ ጥምርታ ብንሄድ 275 እና 412.5 ሄርዝ እናገኛለን፤ ቶን ያወጣው ደግሞ 277.78 እና 416.67 ነበር። ሁለቱም ከ17 ሴንት በላይ ከፍ ብለዋል። ለሠለጠነ ጆሮ ይህ ብዙ ነው።

ይህን ስል ክራር የግድ በንጹሕ ጥምርታ ይቃኛል ለማለት አይደለም። የትኛውም ቀመር የተጫዋቹን ጆሮ ሊተካ አይችልም ማለቴ ነው። ትክክለኛው መንገድ መምህሩ ራሳቸው የቃኙትን ክራር በጸጥታ ቦታ መቅዳት፣ የእያንዳንዱን ክር ድግግሞሽ መለካት፣ ሠንጠረዡንም ከዚያ መሥራት ነው። ስትለካ ክሩ የተመታበትን ቅጽበት ዝለለው፤ ክር በኃይል ሲመታ ለአፍታ ስለሚወጠር መጀመሪያ ላይ ከፍ ብሎ ኋላ ይረጋል።


ሰዓትና ቆጣሪ

ይህን በፕሮግራሙ ውስጥ ማስገባት አይከብድም። ለእያንዳንዱ ክር ከእኩል ክፍፍሉ ምን ያህል ሴንት እንደሚርቅ የሚናገር አንድ ባለ ምልክት ባይት መድብ፤ 128 ሴንት ዝቅ ከማለት እስከ 127 ሴንት ከፍ ማለት ድረስ ይይዛል። እርምጃውን ለማረም ነጥብ ያለው ቁጥር አያስፈልግህም፤ እርምጃውን በ1,731 አካፍለህ ውጤቱን በሴንቱ አባዛና በራሱ ላይ ደምር። ለ30 ሴንት እንኳ ስሕተቱ ከሴንት ሲሶ አይደርስም። ማካፈሉን አስቀድም፤ ማባዛቱ ከቀደመ ለከፍተኞቹ ድምፆች ከ32 ቢት ሊያልፍ ይችላል። መነሻውን የሚቀይረው ማዞሪያም በዚሁ ቀመር ይሠራል፤ ሰፋ ላለ ለውጥ ግን መጀመሪያ በሰሚቶን ሂድ፣ ትርፉን በሴንት ጨርስ።


ሸምበቆ

ጣልቃ በመግባቴ ይቅርታ፤ ከጎርጎራ ነኝ። ድምፁ ክራር እንዲመስል ከተፈለገ በ1983 ካርፕለስና ስትሮንግ ያሳተሙት የተመታ ክር ስልት አለ። አጭር የሜሞሪ መሥመር በዘፈቀደ ቁጥሮች ይሞላል፤ ከዚያ በየናሙናው ሁለት ጎረቤት ቁጥሮች እየተደመሩ በግማሽ ተካፍለው ወደ መሥመሩ ይመለሳሉ። የሚወጣው ድምፅ ተመትቶ የሚሞት ክር ነው። ማባዛት ስለማይፈልግ ኡኖም ይችለዋል።


ሞገድ

ስልቱን እኔም እወደዋለሁ፤ ለመቃኛ ግን እንቅፋት አለበት። ድግግሞሹ የሚወሰነው የናሙናው ፍጥነት በመሥመሩ ርዝመትና በግማሽ ናሙና ድምር ሲካፈል ነው፤ ርዝመቱ ደግሞ ሙሉ ቁጥር መሆን አለበት። ናሙናው 15,625 ሄርዝ ቢሆን በርዝመት 70 የሚወጣው 221.63፣ በ71 ደግሞ 218.53 ሄርዝ ነው። 220ን በመካከላቸው አታገኘውም። ወደ 440 ሲኬድ በ35ና በ36 መካከል ያለው ክፍተት 48 ሴንት ይደርሳል። የግማሽ ሰሚቶን ያህል ክፍተት ያለው መቃኛ ማንንም አይቃኝም። በናሙናዎች መካከል ያለውን ክፍልፋይ የሚያስላ ተጨማሪ ማጣሪያ ካልገባበት ለጌጥ እንጂ ለሥራ አይሆንም።


የክራር መምህርት

በእኔ በኩል ተመትቶ የሚሞት ድምፅ ለልጆች ይቀላቸዋል እላለሁ፤ ከሚያውቁት የክራር ድምፅ ጋር ያነጻጽሩታልና። ሆኖም ክሩን በማጥበቅ ላይ እያሉ ድምፁ ከሞተባቸው ቁልፉን ደጋግመው ሊጫኑ ነው፤ አንድ እጃቸው ክሩን ሲመታ ሌላው የክራሩን ክር ማጥበቂያ ይዞ ሳለ ይህ አይመችም። ቁልፉ አንድ ጊዜ ተጭኖ ድምፁ እስኪዘጋ የሚዘልቅ ይሁን። ሲነሳ ብቻ እንደ ተመታ ክር ጠንከር ብሎ ወዲያው ዝቅ ብሎ ቢረጋ ሁለቱም ይገኛል።


ሞገድ

ይህ በቀላሉ ይቻላል። ከሠንጠረዡ የተነበበውን ናሙና ከመውጣቱ በፊት በአንድ የጉልበት ቁጥር አባዛው። ኤቲሜጋው ሁለት ባለ 8 ቢት ቁጥሮችን በ2 ምት ስለሚያባዛ አይከብደውም። ቁጥሩ ሲነሳ በጥቂት ሚሊሰከንድ ከዜሮ ወደ ሙሉ ይውጣ፤ ቀጥሎ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ወደ ግማሽ ይውረድና ይጽና። ሲዘጋም በዝግታ ዜሮ ይግባ፤ ድንገት ከተቆረጠ ስፒከሩ ላይ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል።


የጣና ልጅ

የተባለውን ሁሉ አንድ በአንድ አስገብቻለሁ። መምህሩ የቃኙትን ክራር ማታ ባጃጁ ሁሉ ጋብ ካለ በኋላ ቀድተን ለካነው፤ ከእኩል ክፍፍሉ የሚርቁት ሁሉም ክሮች አይደሉም፤ የሚርቁት ግን በግልጽ ይርቃሉ። የስድስት ተደራቢው ሠንጠረዥ ከስፒከሩ ጋር ተስማምቷል፤ ወፍራሙ ክር አሁን ከክፍሉ ማዶ ይሰማል። መምህሩም ባቲውን ሰምተው ክራራቸውን አንስተው አብረው መቱ። አንቺሆዬና አምባሰል ገና አልተለኩም።

የቀረኝ ጥያቄ ሁለት ነው። መምህሩ ሴንቶቹን ራሳቸው በማዞሪያ እያስተካከሉ እንዲያስቀምጡ እፈልጋለሁ፤ መብራት ቢጠፋም እንዳይጠፋ የት ላስቀምጠው? ሳጥኑ በፓወር ባንክ ሲሠራ ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለ በኋላ ራሱን ያጠፋል።


ሰዓትና ቆጣሪ

በቺፑ ውስጥ 1,024 ባይት ኢኢፕሮም (መብራት ቢጠፋም የተጻፈበትን የሚይዝ ሜሞሪ) አለ። አራት ቅኝት በስድስት ክር 24 ባይት ብቻ ነው፤ መነሻውን ጨምረህም ብዙ ቦታ ይተርፋል፤ ስለዚህ ከአንድ በላይ መምህር የየራሱን ቅኝት ሊያስቀምጥበት ይችላል። እያንዳንዱ ቦታ የሚፈቀድለት 100,000 ጊዜ መጻፍ ስለሆነ ማዞሪያው በተነቃነቀ ቁጥር አትጻፍበት፤ ቁልፉ ለሁለት ሰከንድ ተጭኖ ሲቆይ ብቻ፣ ያውም አዲሱ ቁጥር ከተቀመጠው የተለየ ከሆነ ይጻፍ።


ብየዳ ቤት

ፓወር ባንኩ የሚጠፋው የሚሳበው ጅረት ትንሽ ሲሆን ስልኩ ሞልቷል ብሎ ስለሚቆጥር ነው። ሬዚስተር ጨምሮ ሁልጊዜ እንዲስብ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ባትሪውን በከንቱ ይጨርሰዋል። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ደህና 18650 ባትሪ፣ ከመከላከያና መሙያ ሰሌዳው ጋር፣ ቀጥሎም ወደ 5 ቮልት የሚያሳድግ ሞጁል ብታደርግበት ይሻላል። ከማሳደጊያው የሚመጣው ሲርሲርታ ወደ ድምፁ እንዳይገባ የማጉያዋንና የአርዱዊኖውን የመሬት ገመዶች ለየብቻ አምጥተህ ባትሪው ላይ አገናኛቸው።